የእማዬ እቁብ እና የኔ ኮድ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደጋገምብኛል። አብዛኞቻችሁ የድሮ ተማሪዎቼ ናችሁ። «ቲቸር፣ ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ ጨርሻለሁ፣ ጃቫስክሪፕትም ግማሽ ደርሻለሁ፣ ሰርተፍኬትም አለኝ፤ ግን ባዶ ፋይል ስከፍት ምን እንደምጽፍ ይጠፋኛል። ምን ላድርግ?» የምትል ናት ጥያቄዋ። በተለይ የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና በሐምሌ 2016 ከተጀመረ ወዲህ በዝታለች። እኔም ለሁላችሁም ያቺኑ አጭር መልስ ስሰጥ ቆይቻለሁ፦ «ትንንሽ ፕሮጀክት ሥሩ»።

ሳስበው መልሱ ልክ ነው፣ ግን ጎዶሎ ነው። እኔ ራሴ «ትንሽ ፕሮጀክት» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ዋጋ ተከፍሎበት ነው። ዋጋውን ደግሞ የከፈለችው እናቴ ናት። ይህን ታሪክ ለጥቂት ጓደኞቼ ካልሆነ አውርቼው አላውቅም፤ ዛሬ እሷን አስፈቅጄ ልጽፈው ነው። ይረዝማል። ቡና የያዛችሁ ቀጥሉ፣ ያልያዛችሁ አፍሉና ተመለሱ።

እንደምታውቁት ፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ። በ2013 ማብቂያ ላይ ማታ ማታ ፍሮንት ኢንድ መማር ጀመርኩ። አማማሬ ደግሞ የብዙ ሰው ነው፦ ቪዲዮ እከፍታለሁ፤ ሰውዬው ይጽፋል፣ እኔም እጽፋለሁ፤ እሱ ሴቭ ያደርጋል፣ እኔም ሴቭ አደርጋለሁ፤ የሱ ይሠራል፣ የኔም ይሠራል። እንዲህ እያልኩ ስምንት ወር ሄድኩ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የፊልም ማሳያ ዌብሳይት ቅጂ «ሠርቻለሁ»፣ የአየር ሁኔታ ገጽ «ሠርቻለሁ»፣ የልብስ ሱቅ «ሠርቻለሁ»። ሁሉም ያምሩ ነበር።

አንድ ቀን ቪዲዮውን ዘግቼ የክፍሌን ተማሪዎች ውጤት የሚያሳይ አንዲት ሠንጠረዥ ለመሥራት ባዶ ፋይል ከፈትኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ስትል አይቻት ዘጋሁት። ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው እንዴት እንደሚኬድ አላውቅም።

በሽታውን ግን አውቀው ነበር፤ ከናንተው ነው የማውቀው። ሰሌዳ ላይ የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ ይዤ ጥያቄ ስሠራ ሁላችሁም አንገታችሁን ትነቀንቁ ነበር። «ገባችሁ?» ስል «አዎ ቲቸር!» ነው መልሱ። ያው ጥያቄ ቁጥሩ ተቀይሮ ፈተና ላይ ሲመጣ ምን እንደምትጽፉልኝ ታስታውሳላችሁ፤ እኔም አስታውሳለሁ። ሌላ ሰው ሲሠራ መረዳት አንድ ነገር ነው፣ መሥራት ሌላ። ለናንተ ስናገረው የኖርኩት ነገር ስምንት ወር ሙሉ በራሴ ላይ ሲደርስ አላየሁትም።

እንግዲህ ታሪኩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። እማዬ የሰፈራችን የሴቶች እቁብ ሰብሳቢም ጸሐፊም ናት። አንድ ቅዳሜ መነጽሯን አድርጋ፣ ደብተሯን ዘርግታ፣ በጣቷ እየቆጠረች ሒሳብ ትሠራለች። ቀና ብላ አየችኝና «ይሄ ሌሊቱን ሙሉ የምትጎረጉረው ነገር የእቁቤን ሒሳብ ይሠራልኛል?» አለችኝ። «እንዴታ!» አልኳት። ምን ላይ እንደፈረምኩ ግን አላወቅኩም።

እቁቡ 24 ዕጣ ነው። በየቅዳሜው 500 ብር ይጣላል፤ የወጣላት 12,000 ብር ይዛ ትሄዳለች። እስከዚህ ድረስ የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ነገር ግን ሰዎቹ 24 አይደሉም፣ 26 ናቸው። አራቱ ሴቶች ጥንድ ጥንድ ሆነው አንድ አንድ ዕጣ ይጋራሉ፤ እያንዳንዳቸው 250 ይጥላሉ። አንዷ ያለፈውን ሳምንት ከዚህኛው ጋር አጠቃላ ትከፍላለች፣ አንዷ በልጇ ትልካለች፣ አንዷ «ሰኞ አመጣለሁ» ብላ ትሄዳለች። ይህን ሁሉ እማዬ በአንድ የ50 ሉክ ደብተር ትይዘዋለች።

ቀደም ሲል ቢሆን «የእቁብ አፕ» ብዬ ትልቅ ነገር ጀምሬ በሦስተኛው ቀን እተወው ነበር። ያቺ የውጤት ሠንጠረዥ ግን ልኬን ነግራኛለች። ስለዚህ ቆራረስኩት። መጀመሪያ የስም ዝርዝር ብቻ። ቀጥሎ ድምር ብቻ። ቀጥሎ ቀን ብቻ። እያንዳንዱ ለብቻው የሚቆም፣ በጥቂት ማታ የሚያልቅ። አንድ ደንብም አወጣሁ፦ እየሠራሁ ቪዲዮ አልከፍትም። ሲቸግረኝ ኤምዲኤን ላይ ገብቼ የቸገረኝን ነገር ብቻ አነባለሁ።

የስም ዝርዝሩ የአሥር ደቂቃ ሥራ ይመስለኝ ነበር። 26 ስም ጻፍኩ፣ ፋይሉን በብራውዘር ከፈትኩ፤ አንድም የአማርኛ ፊደል የለም! ጭረት ያለበት የላቲን ፊደል፣ የዲግሪ ምልክት፣ ምን የማይባል ዝብርቅርቅ ሞልቶታል። ለካ በቪዲዮዎቹ ላይ የገጹን መነሻ መስመሮች የሚጽፋቸው ኤዲተሩ ራሱ ነበር፤ እኔ በእጄ ስጽፍ ገጹ በየትኛው የፊደል አሠራር እንደተጻፈ ለብራውዘሩ የምትነግረዋን አንዲት የሜታ መስመር ዘልያታለሁ። በዩቲኤፍ ኤይት አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲሆን የኛ ፊደል ሦስት ባይት ነው። ብራውዘሩ ሦስቱን ባይት እንደ ሦስት የተለያየ ፊደል አነበባቸው። አስተማሪው በእንግሊዝኛ ስለሚጽፍ መስመሯን ቢረሳትም ገጹ አይበላሽም። ስምንት ወር ሙሉ ስገለብጣት የነበረችው መስመር ምን እንደምትሠራ ያወቅኩት በራሴ ቋንቋ የእናቴን ጓደኞች ስም ስጽፍ ነው።

ሁለተኛው ድምር ነበር። ሁለት ሳጥን፣ አንድ ቁልፍ፦ ይህችኛዋ ስንት ጣለች፣ ያችኛዋ ስንት ጣለች፣ ደምር። 500 እና 250 አስገባሁና እማዬን ጠራኋት። ቁልፉን ስትነካው 500250 አለ። ዝም ብላ አየችውና «አምስት መቶ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ብር! እንግዲያው የዛሬው ዕጣ ለኔ ይሁን» አለች። ከጽሑፍ ሳጥን የሚመጣ ነገር ቁጥር ቢመስልም ለጃቫስክሪፕት ጽሑፍ ነው፤ በመደመር ምልክት ስታገናኙት አይደምረውም፣ አስከትሎ ይጽፈዋል። መጀመሪያ ወደ ቁጥር መቀየር አለበት። ይህን ደግሞ በሦስተኛው ሳምንት ትምህርቴ ሰምቼ አንገቴን ነቅንቄበት ነበር። እንደናንተው።

ሦስተኛው ቀን ነው። ብራውዘሩ የሚሰጠውን ዝግጁ የቀን ሳጥን አስገባሁላት። ከፈተችው። «ይሄ የማን ቀን ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሳጥኑ የሚያውቀው የፈረንጅ ወር ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ስልኳ ላይ «ሰኔ 25» እንጂ «ጁላይ 2» ብጽፍላት ሴቶቹን ምን ብላ ታስረዳለች? ስለዚህ የቀን መቀየሪያ ጻፍኩ። የዓመቱ ልዩነት ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ 8 መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ለኮምፒውተር ማስረዳት ግን ሌላ ነው። በዚያ ላይ ጃቫስክሪፕት ወር መቁጠር የሚጀምረው ከዜሮ ነው፤ ጃንዋሪ ዜሮ፣ ዲሴምበር 11። አንድ ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ታገልኩ። በመጨረሻ ስልኳ ላይ የዕለቱን ቀን በትልቁ የምትጽፍ አንዲት ገጽ አደረግኩላት። ሌላ ምንም አትሠራም። ለሁለት ሳምንት ጠዋት ጠዋት ከግድግዳው ካላንደር ጋር እያስተያየች «ዛሬም ልክ ነህ» ትለኝ ነበር።

አራተኛው ፍለጋ ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ስም በስልኳ «ጸሀይ» ብላ ስትፈልገው የለም ይላል። ለኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን «ፀ» እና «ጸ» ሁለት የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው። የሒሳብ ሱሴ አልለቀቀኝምና ቆጠርኩት፦ የመጀመሪያው ፊደል በሁለት መንገድ፣ ሁለተኛው ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ እየተባለ በስድስት መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ይህቺ አንዲት ስም 12 አጻጻፍ አላት። መፍትሔው ከማነጻጸር በፊት ሁሉንም ወደ አንድ ወጥ ፊደል መቀየር ነው። እኔ ግን ስሙን ራሱን ቀይሬ አስቀመጥኩት። እማዬ ዝርዝሩን አየችና «ይሄ የሷ ስም አይደለም፤ እሷ በፀሐዩ ፀ ነው የምትጽፈው» አለች። ስለዚህ ለፍለጋ የሚሆነው ቅጂ ሌላ፣ ለዓይን የሚታየው ስም ሌላ ሆነ። ሰው ስሙን ራሱ እንደሚጽፈው ማየት ይፈልጋል።

አምስተኛው መልኩ ነው። ላፕቶፔ ላይ ቆንጆ ሠንጠረዥ ነበር፤ ስልኳ ላይ ግማሹ ከማያው ውጪ ቀረ። ፊደል አተልቃ ስለምትጠቀም የቁልፎቹ ጽሑፍ ተቆረጠ፤ ቁመታቸውን በፒክስል ቸንክሬው ነበርና። ሠንጠረዡን ትቼ እያንዳንዷን ሴት በአንድ ካርድ አደረግኩ፣ ቁመቱን ፈትቼ ለቀቅኩት፣ በመስመሮች መካከል ያለውን ክፍተት ሰፋ አደረግኩ፤ የኛ ፊደል አናቱም እግሩም ላይ ቅጥያ ስላለው ጠጋ ሲል ይታፈናል። ከዚያ የከፈለችውን በአረንጓዴ፣ ያልከፈለችውን በቀይ ቀባሁ። ኮራሁበት። እማዬ አየችና «ቀዩን አጥፋው» አለችኝ። «ለምን?» ስላት «ስልኩ በሰው መሃል ነው የሚከፈተው። ሰው ፊት ማንም በቀይ አይጻፍም። ያልከፈለችውን እኔ አውቃታለሁ» አለች። ያልከፈለችው ባዶ ክብ፣ የከፈለችው ሙሉ ክብ ሆነች። ስለ ቀለም አመራረጥ ከዚያ ቪዲዮ ሁሉ ይህን የሚነግረኝ አላገኘሁም።

በስድስተኛው ሁሉንም ገጣጠምኩና መረጃው ገጹ ሲዘጋ እንዳይጠፋ ሎካል ስቶሬጅ ውስጥ አስቀመጥኩት። ለማታውቁት፦ ብራውዘሩ በዚያው ስልክ ላይ ለዌብሳይቱ የሚሰጠው ትንሽ ጎተራ ነው። ሰርቨር አይፈልግ፣ ምዝገባ አይፈልግ፣ ካርድ አይበላ። ገጹን በነፃ ጊትሃብ ላይ ሰቀልኩት። ሰኔ 25 ቀን 2014፣ ቅዳሜ፣ አዲሱ ዙር እቁብ ሲጀመር እማዬ በደብተሯም በስልኳም መያዝ ጀመረች።

ነሐሴ 21፣ ዘጠነኛው ሳምንት ላይ «ሁለት ቦታ መጻፍ ደከመኝ። ያንተው ይበቃኛል» ብላ ደብተሯን ሳጥን ውስጥ ከተተች። ያን ቀን የተሰማኝን አትጠይቁኝ። በሕይወቴ ከተሰጡኝ ሰርተፍኬቶች ሁሉ ትልቁ ይኸኛው መሰለኝ።

ጳጉሜ 5 ላይ አንዲት ማስጠንቀቂያ መጥታልኝ ነበር። ገጹ የዕለቱን ቀን «አንዲፋይንድ 5» ብሎ ጻፈ። የወር ስሞቹን ከቪዲዮ በቀዳሁት ዝርዝር ላይ ተክቼ ስለጻፍኳቸው 12 ብቻ ነበሩ። የ13 ወር ጸጋ ሀገር ልጅ ሆኜ ጳጉሜን ረሳኋት! ሴቶቹ ሳቁብኝ፣ እኔም ሳቅኩ፣ አስተካከልኩ። ጳጉሜ ስድስት የምትሆንበትን ዓመት ለማግኘት ቀመር ስፈልግ ደግሞ እማዬ ከጓዳ «በሉቃስ ነዋ!» አለችኝ። ዓመቱን ለ4 ስታካፍሉት 3 ከተረፈ ማለት ነው፤ 2015 እንደዚያ ነበር። ብራውዘሩ ራሱ ውስጥ የኢትዮጵያን አቆጣጠር የሚያውቅ መሣሪያ ቀድሞም እንደነበረ ያወቅኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። አልቆጨኝም። ያን ሳምንት ባልታገል ቀን ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

የቆጨኝ ሌላ ነው። ያቺ ስህተት አንድ ጥያቄ ልታስጠይቀኝ ይገባ ነበር፦ «ቀኑን ከተሳሳትኩ ሌላስ ምን ተሳስቻለሁ?» አልጠየቅኩም።

ጥቅምት 12፣ አሥራ ሰባተኛው ሳምንት በሰላም አለፈ። በዚያው ሳምንት የእማዬ ስልክ «ሞልቷል» እያለ አስቸገራት። የእህቴ ልጅ ሊረዳት ብሎ፣ ፎቶዎቿ እንዳይጠፉ ተጠንቅቆ፣ የብራውዘሩን ዳታ በሙሉ አጠፋው። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ ስልክ ሲሞላ ሁላችንም የምናደርገውን ነው ያደረገው። በቀጣዩ ቅዳሜ ሴቶቹ ተሰብስበው፣ ቡናው ተቆልቶ፣ እማዬ ገጹን ከፈተችው። ደወለችልኝ።

«ልጄ፣ ሴቶቹ የት ሄዱ?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ቤት ደርሼ ስልኩን ሳየው ገባኝ። ባዶ ዝርዝር። ላፕቶፔ ላይ ኮዱ አለ፤ መረጃው ግን ከዚያ ስልክ በቀር የትም ኖሮ አያውቅም። ጎተራው የብራውዘሩ ነው፤ ብራውዘሩ ሲጸዳ አብሮ ይጸዳል። ይህን ኤምዲኤን ላይ አንብቤዋለሁ። አንብቤ «እሺ» ብዬ አልፌዋለሁ።

የደብተሩ ጽሑፍ ዘጠነኛው ሳምንት ላይ ያቆማል። የጠፋው ስምንት ሳምንት ነው፣ የ26 ሰው፤ 208 ምልክት። ዕጣው ለማን እንደወጣ ማንም አይረሳም። የሚረሳው ማን መቼ አሳደረች፣ ማን አጠቃላ ከፈለች የሚለው ነው፤ እቁብ ደግሞ የሚፈርሰው በዚያ ነው።

እማዬ ተነሥታ ቆመች። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ደብተሬን ትቼ ነው» አለቻቸው። የኔን ስም አላነሣችም። ለ20 ዓመት አንድ ብር ያልጎደለባት ሴት በጎረቤቶቿ ፊት በኔ ኮድ ምክንያት ይቅርታ ስትጠይቅ ቆሜ አየሁ። «እሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ» አልኩ፤ ድምፄ ግን ለራሴም አልተሰማኝም። አንዲት ትልቅ እናት «ደብተርም ይቃጠላል ልጄ፣ አይዞህ ቁጭ በል» አሉኝ። እንዲያ ሲሉኝ ይብስ አፈርኩ።

ከዚያ ሴቶቹ አሥር ሰዓት ድረስ ተቀምጠው ስምንቱን ሳምንት በቃላቸው መልሰው ገነቡት። በሳምንት ቁጥር አይደለም የሚያስታውሱት። «ለእንቁጣጣሽ ዶሮ የገዛሁ ጊዜ አጥሮኝ አሳድሬያለሁ፤ በሚቀጥለው ሺህ ነው የሰጠሁሽ።» «የመስቀል ዋዜማ በልጄ ልኬልሻለሁ።» «ልጆቹን ትምህርት ቤት ያስመዘገብኩ ቀን ነው።» እኔ እየጻፍኩ፣ እነሱ እየተራረሙ፣ ሁሉም ነገር ገጠመ፤ ከሁለት ምልክት በቀር። አንዲት ሴት ሁለት ሳምንት ከፍያለሁ አለች፤ ሌላ የሚያስታውስ የለም። 1,000 ብር። እማዬ ክርክር ሳታስነሣ «ከፍለሻል» አለችና ማታ ከራሷ ሞላችው። ገንዘቡን እኔ መለስኩላት። ያልመለስኩት ሌላ ነው፦ ሁለቱ ሴቶች እስከ ገና ድረስ ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነበር። አንዷ ሳትከፍል ከፈልኩ ያለች እየመሰላት፣ ሌላዋ እንዳልታመነች እየተሰማት። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። መዝገብ ሲጠፋ እንደዚህ ነው።

ለሁለት ሳምንት ላፕቶፕ አልከፈትኩም። መተው ፈልጌ ነበር። አንድ ማታ እማዬ ራት እያቀረበች «አሁን የጎደለውን አወቅከው አይደል?» አለችኝ። «አወቅኩ» አልኳት። «ታዲያ ሥራዋ! ለምንድን ነው የተማርከው?» አለች፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም።

የጨመርኩት አንድ ቁልፍ ነው። ቅዳሜ ማታ ስትነካው የሳምንቱን ዝርዝር ሙሉ በሙሉ ተራ ጽሑፍ አድርጎ ይገለብጠዋል፤ እሷም በቴሌግራም ለሁለት አባላትና ለኔ ትልከዋለች። ያንኑ ጽሑፍ መልሶ የሚያስገባም አለ። ከዚያ በፊት ሙከራ አደረግኩ፦ ሆነ ብዬ የብራውዘሩን ዳታ አጥፍቼ ሁሉንም ከቴሌግራም መለስኩት። ሦስት ጊዜ። ኮድ መጻፍ ከጀመርኩ ጀምሮ የራሴን ሥራ ሆን ብዬ ሳበላሽ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ደብተሩም ከሳጥን ወጣ። የእማዬ ውሳኔ ነው፦ ደብተሩ ምስክር፣ ስልኩ ሒሳብ ሠራተኛ። እስካሁንም እንደዚያ ነው የምትሠራው።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ። «ትንሽ ፕሮጀክት ሥሩ» ስላችሁ ምን ማለቴ ነው?

ያኔ ትንሽ ማለት ኮዱ አጭር የሆነ ይመስለኝ ነበር። የእቁቡ ኮድ አጭር ነበር፤ ከ400 መስመር አይበልጥም። ፕሮጀክቱ ግን ትንሽ አልነበረም፤ የ26 ሰው ገንዘብና የአንዲት ሴት ስም ነበረበት። ትንሽ ፕሮጀክት ማለት ሲበላሽ የሚጠፋው ነገር ትንሽ የሆነ ነው። የዕለቱን ቀን የምትጽፈዋ ገጽ ትንሽ ነበረች፤ ብትሳሳት ግድግዳው ላይ ካላንደር አለ። የእቁቡ ገጽም ደብተሩ ጎኑ እያለ ትንሽ ነበረች። ደብተሩ ሳጥን የገባ ዕለት ትልቅ ሆነች፤ እኔ ግን ያው ጀማሪ ነበርኩ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እላችኋለሁ። አንደኛ፣ አጠገቡ ቁጭ ልትሉ ለምትችሉት አንድ ሰው ሥሩ። ለእናት፣ ለታናሽ ወንድም፣ ለሱቅ ጠባቂው ጎረቤት፣ ለዕድሩ ጸሐፊ። የፊልም ዌብሳይት ቅጂ ስትሠሩ «ልክ አይደለም» የሚላችሁ የለም። «ይሄ የማን ቀን ነው?»፣ «ቀዩን አጥፋው»፣ «ይሄ የሷ ስም አይደለም» የሚል ሰው ግን ከየትኛውም ኮርስ በላይ ያስተምራችኋል። ሁለተኛ፣ የዚያን ሰው ደብተር አትንጠቁት። እሱ ራሱ ልተወው ቢል እንኳ «ቆይ፣ አትተወው» በሉት። እኔ ያን ቅዳሜ ያላልኩት ቃል ይህ ነው፤ ደስታው አፌን ይዞኝ።

ሐሳብ ለጠፋችሁ ጥቂት ልጠቁም፣ ሁሉም ሲበላሹ ማንንም የማይጎዱ። በኛ አቆጣጠር የሚሄድ ሰዓት፦ ስድስት ሰዓት መቀነስ ብቻ ይመስላል፣ እስክትሞክሩት። ቁጥርን ወደ ግዕዝ የሚቀይር ገጽ፦ 2017 ሲጻፍ ፳፻፲፯ እንዲል፤ ምልክቶቹ 20 ብቻ ናቸው፣ ዜሮ የለም፣ ስትጀምሩት ግን ያሠራችኋል። ለትንሽ ልጅ የማባዛት ጥያቄ የሚያወጣ ገጽ፤ ልጁ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚያበላሽበትን መንገድ ያገኝላችኋል። ላፕቶፕ የሌላችሁም በስልክ ላይ ኮድ መጻፊያ አፖች አሉ፤ ጣት ያደክማል እንጂ ይሠራል። ፍሪኮድካምፕም ኤምዲኤንም ነፃ ናቸው። ሪአክት ይቆያል፣ አይሸሽም፤ የእቁቡ ገጽ ያለ ምንም ፍሬምወርክ ነው የሚሠራው። ስትጨርሱ ጊትሃብ ላይ ስቀሉት፣ ለዚያ ሰው ስጡትና እሱ ሲጠቀም ዝም ብላችሁ እዩ። አታስረዱ። የት እንደቆመ፣ የት እንደተሳሳተ ጻፉ። ያ ዝርዝር ቀጣዩ ትምህርታችሁ ነው።

ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት ለእማዬ አነበብኩላት። ስለ 1,000 ብሩ ስደርስ «እሱን ለምን ጻፍከው?» አለች። «የተማርኩት ከሱ ስለሆነ» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው ሴትዮዋን ማንነቷ እንዳይታወቅ አድርገህ ጻፍ» አለች። እንዳለችው አድርጌያለሁ።

አስተያየት መስጫው ላይ አንድ ነገር ብቻ ጻፉልኝ፦ የመጀመሪያ ፕሮጀክታችሁን ለማን ነው የምትሠሩት? «ለእናቴ»፣ «ለአጎቴ» ካላችሁ ይበቃል። ምን እንደምትሠሩ እሱ ወይ እሷ ይነግሯችኋል።

ቸር ሰንብቱ።